ሼልፉ ላይ 89፣ ካሸሯ ጋ 129፦ የቱ ዋጋ ነው የሚሰራው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህት ሱፐርማርኬት ገብታ የልብስ ሳሙና አነሳች፣ ሼልፉ ላይ ያለው ወረቀት 89 ይላል፣ ካሸሯ ጋ ስትደርስ ግን 129 ብሎ ወጣ። «እዛ ጋ 89 ነው እኮ ሚለው» ስትል ካሸሯ «ትክክሉ ሲስተሙ ያለው ነው» አለቻት፣ ሱፐርቫይዘሩ መጣና «ወረቀቱ ሳይነሳ ቀርቶ ነው፣ ካልፈለግሽው ተይው» አላት። ትታው ሄደች። ቤት ገብታ ያለፈውን ሳምንት ደረሰኝ ስታይ ግን ያንኑ ሳሙና በ129 ገዝታዋለች፣ ያኔም ወረቀቱ 89 ይል እንደነበር እርግጠኛ ናት። ወንድሟ «በለጠፉት ዋጋ የመሸጥ ግዴታ አለባቸው፣ ህግ ነው» ይላታል። እውነቱን ነው ወይ፣ ያለፈው ሳምንት ልዩነትስ ይመለስልኛል ወይ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ሳሙና ነው ያለው፣ ዛሬ ያልከፈልሽበት እና ያለፈው ሳምንት የከፈልሽበት። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ስለሚከራከር ነው እውነት ይዞ ተሸንፎ ሚወጣው። እኔ እዚህ ስራ ውስጥ ብዙ አመት ቆይቻለሁ፣ መጀመሪያ ካሸር ነበርኩ፣ ከዛ ዋጋ ሲስተም ላይ ሚያስገባውና ወረቀቱን አትሞ ሚለጥፈው ክፍል ሰራሁ፣ አሁን ደግሞ ሸማቾች ይዘው ሚመጡትን ቅሬታ ነው ማየው። ስለዚህ ከባንኮኒው ወዲህም ወዲያም ያለውን ወሬ አውቀዋለሁ። ይረዝምብሻል ግን እስከመጨረሻ አንብቢው፣ ላንቺ ሚጠቅመው ነገር መጨረሻ አካባቢ ነው ያለው።

መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር እንይ። እሱ ያለውን በየቀኑ ነው ምሰማው ግን በብዙ አገር ህጉ እንደዛ አይልም። እቃ ዋጋ ተለጥፎበት ሼልፍ ላይ መቀመጡ ሱቁ «ሸጬልሻለሁ» ማለቱ ሳይሆን «ነይና ልግዛ በይኝ» ብሎ መጋበዙ ነው። ልግዛ ባይዋ አንቺ ነሽ፣ እቃውን ካሸሯ ፊት ስታስቀምጪ፣ እሺ ባይዋ ካሸሯ ናት፣ ስትቀበልሽ፣ ውሉም ያን ጊዜ ነው ሚታሰረው። ከዛ በፊት አንቺም ሀሳብሽን ቀይረሽ መመለስ ትችያለሽ፣ ሱቁም አልሸጥም ማለት ይችላል።

ይሄ ነገር ከየት መጣ መሰለሽ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1951 ቡትስ የተባለው የፋርማሲ ድርጅት ኤጅዌር ያለውን ሱቁን ሰው ራሱ እያነሳ ዘምቢል ውስጥ እየከተተ ሚገዛበት አደረገው። ዛሬ ሁላችንም ለምደነዋል፣ ያኔ ግን አዲስ ነገር ነበር፣ እስከዛ ድረስ ባንኮኒ ጀርባ ያለው ሰራተኛ ነበር እቃውን አውርዶ ሚሰጥሽ። የ1933ቱ የመድሀኒትና የመርዝ ህግ ደግሞ አንዳንድ መድሀኒት ሲሸጥ የተመዘገበ ፋርማሲስት እያየ መሆን አለበት ይላል። የፋርማሲስቶቹ ማህበር «ሽያጩ ሚያልቀው ሰውየው ዘምቢሉ ውስጥ ሲከት ነው፣ እዛ ጋ ደግሞ ፋርማሲስት የለም፣ ስለዚህ ህግ ጥሳችኋል» ብሎ ከሰሰ። በ1953 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አይደለም አለ፣ ሽያጩ ሚያልቀው ክፍያው ጋ ነው፣ እዛ ጋ ደግሞ ፋርማሲስቱ አለ። ምክንያቱን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል፦ ዘምቢል ውስጥ መክተት ሽያጭ ቢሆን ኖሮ አንዴ ያነሳሽውን እቃ ሌላ የተሻለ ስታገኚ መልሰሽ ማስቀመጥ አትችዪም ነበር፣ ምክንያቱም ገዝተሽዋል ማለት ነው። እና እይው፣ ዛሬ ሱቅ «ዋጋው ስህተት ነው አልሸጥም» ብሎ ሚከላከልበት ደንብ መጀመሪያ ላይ አንቺ እያነሳሽ እየመለስሽ እንድትገዢ ነጻ የሚያደርግሽም ደንብ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

ሁሉም አገር ግን እንደዚህ አያስብም። የስዊዘርላንድ የግዴታዎች ህግ አንቀጽ 7 እቃ ዋጋው ተጽፎበት ለሽያጭ ከተደረደረ በመርህ ደረጃ ሱቁ ራሱ ሽያጭ አቅርቧል ይላል፣ ፈረንሳይም ወደዛው ነው። እዛ የወንድምሽ አባባል ጉልበት አለው። ቢሆንም እዛም ቢሆን በጣም ግልጽ የሆነ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ዜሮ ወድቆ 1,290 ሚሆነው እቃ 129 ተብሎ ቢለጠፍ፣ ሱቁ ተሳስቻለሁ ብሎ ከውሉ ሚወጣበት መንገድ ህጉ ውስጥ አለ። ስለዚህ በሁለቱም አይነት አገር ጫፍ ላይ ስትደርሺ መልሱ ይቀራረባል፣ ማንም በግልጽ ስህተት ዋጋ እቃ እንዲሸጥ አይገደድም።

ይሄን ሲሰሙ ነው ሱቆች ደረታቸውን ሚነፉት፣ ሱፐርቫይዘሩም «ካልፈለግሽው ተይው» ያለሽ ከዛ ተነስቶ ነው። ግን እሱ ግማሹን ነው የነገረሽ። ከውል ህግ ጎን ለጎን የሸማቾች ጥበቃ ህግ ሚባል ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ ሚጠይቀው ውል ታስሯል ወይ ብሎ አይደለም፣ «ሰውየዋን በዋጋ አሳስተሀታል ወይ» ብሎ ነው። አልሸጥም ማለት መብት ነው፣ 89 እያሳዩ 129 መቀበል ግን መብት አይደለም። ሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ካናዳን ውሰጂ፣ የውድድር ህጉ አንቀጽ 54 አንድ እቃ ላይ ሁለት ዋጋ በግልጽ ከታየ መሸጥ ያለበት በዝቅተኛው ነው ይላል። አውስትራሊያ የሸማቾች ህጉ አንቀጽ 47 ተመሳሳይ ነገር ይላል፣ ሱቁ ወይ በዝቅተኛው ይሸጣል ወይ ዋጋው እስኪስተካከል እቃውን ከሽያጭ ያነሳዋል። ልብ በይ፣ ምርጫው ያለው እነዚህ ሁለቱ መሀል ነው፣ «ወረቀቱም ይቀመጥ፣ በ129ም ልሽጥ» ሚባል ሶስተኛ ምርጫ የለም። አውሮፓ ህብረት ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለው የዋጋ ማሳያ መመሪያ የሽያጭ ዋጋው ለሸማቹ ሳያሻማ፣ በቀላሉ ሚለይና ሚነበብ ሆኖ መታየት አለበት ይላል፣ የኪሎውን ወይ የሊትሩን ዋጋ ጨምሮ።

ስለዚህ ለዛሬው ሳሙና መልሴ ይሄ ነው፦ በብዙ አገር በ89 ሽጡልኝ ብለሽ አስገድደሽ ማሸነፍ ላትችዪ ትችያለሽ፣ ግን እሱ ወረቀት እዛው ተለጥፎ እያለ ለቀጣዩ ሰው በ129 መሸጥ አይችሉም። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱ ስህተት መሆኑን በአፉ ነግሮሻል አይደል፣ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ «አላወቅንም» ሚባል ነገር የለም። ጥሩ ማናጀር ያለበት ሱቅ ግን እዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም፣ በ89 ይሰጥሻል፣ ወረቀቱን ያስነሳል፣ አለቀ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ጎበዝ የምላቸው ማናጀሮች ሁሉ እንደዛ ነበር ሚያደርጉት፣ የ40 ልዩነት ለማዳን ብሎ አመት ሙሉ ሚገዛ ደንበኛ ማስቀየም ሂሳብም አይደለም።

አሁን ወደ ያለፈው ሳምንቱ ሳሙና። እዚህ ጋ አቋምሽ ፍጹም ሌላ ነው፣ ጠንካራ ነሽ። ምክንያቱም እዛ ጋ ሱቁ አልሸጥም አላለም፣ ሸጧል፣ ገንዘቡን ተቀብሏል፣ አንቺም የከፈልሽው 89 ነው ብለሽ አምነሽ ነው። «ካልፈለግሽው ተይው» ሚባለው መልስ እዚህ አይሰራም። ቢያንስ ልዩነቱ ሊመለስልሽ ይገባል፣ ወይ ደግሞ እቃውን ካልነካሽው መልሰሽ ሙሉ ገንዘብሽን መጠየቅ ትችያለሽ። አንዳንድ ቦታ ከዛም በላይ ይሄዳል። ካናዳ ከ2002 ጀምሮ ብዙ ትልልቅ ቸርቻሪዎች በፈቃዳቸው የገቡበት የስካነር ዋጋ ትክክለኛነት ደንብ አለ፣ ስካን ሲደረግ የወጣው ዋጋ ከተለጠፈው ከበለጠ እቃው 10 ዶላርና ከዛ በታች ከሆነ በነጻ ይሰጥሻል፣ ከ10 በላይ ከሆነ ከትክክለኛው ዋጋ ላይ 10 ዶላር ይቀነሳል። አንድ አይነት እቃ ብዙ ካነሳሽ ነጻው የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በተስተካከለው ዋጋ ነው ሚሄዱት። አሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ደግሞ በ2011 የወጣ ህግ አለ፣ በተለጠፈው ዋጋ ላይ ጨምረው ካስከፈሉሽ ደረሰኝ ይዘሽ በ30 ቀን ውስጥ ታሳውቂያለሽ፣ ሱቁ በ2 ቀን ውስጥ ልዩነቱንና በላዩ የልዩነቱን 10 እጥፍ ይከፍልሻል፣ እሱም ከ1 ዶላር አያንስም ከ5 ዶላር አይበልጥም። ገንዘቡ ትንሽ ነው ግን ሀሳቡን ተመልከቺው፣ ሰው ደረሰኙን እንዲያይ ማበረታቻ ነው የሰጡት። ደግሞ የሚሺጋኑ መብት ሚመጣው ከከፈልሽ በኋላ ነው፣ ካሸሯ ጋ ቀድመሽ ካየሽውና ካስተካከሉልሽ ምንም አልተጎዳሽም። አንቺ ያለሽበት አገር እንዲህ አይነት ደንብ ካለ ሱቁ መግቢያ ወይ ካሸሯ አጠገብ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን አያነበውም።

እንግዲህ ስህተቱ ለምን ሚፈጠር ይመስልሻል። ብዙ ሰው ሆን ብለው ነው ይላል። ሆን ብሎ ሚያደርግ የለም አልልም፣ ግን እኔ ካየሁት አብዛኛው የወረቀት ስራ ነው። ባርኮድ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ ምትባል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፓኮ ማስቲካ ስካን ተደርጎበት ስራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ዋጋው ባርኮዱ ውስጥ ያለ ነው ሚመስለው። የለም። እነዛ ጥቁር መስመሮች ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ይሄ እቃ እንትን ነው ሚል መታወቂያ። ስካነሩ ቁጥሩን አንብቦ የሱቁን ሲስተም «የዚህ ዋጋ ስንት ነው» ብሎ ይጠይቃል፣ ሲስተሙ ይመልሳል። ሼልፉ ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ለብቻው ታትሞ በሰው እጅ ሚለጠፍ ነገር ነው። ማለትም አንድ እቃ ሁለት ዋጋ ነው ያለው፣ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ቁልፍ ሚቀየር፣ አንዱ በእግር ተኪዶ በጥፍር ተፍቆ ሚቀየር። (ተመዝኖ ሚሸጠው ነገር ላይ ሱቁ ራሱ ሚለጥፈው ባርኮድ ግን ይለያል፣ ብዙ ጊዜ በ2 ነው ሚጀምረው፣ ዋጋው ወይ ክብደቱ እዛው ውስጥ ታስሯል፣ ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ከተሳሳተ ካሸሯም ያንኑ ስህተት ነው ምታነበው።)

ማታ ሲስተሙ ላይ የቅናሹ ጊዜ ያልቃል፣ እኩለ ሌሊት ላይ 89 የነበረው 129 ይሆናል። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት አንድ ሰው ጥቅል ወረቀት ይዞ በየመደርደሪያው እየዞረ አሮጌውን ያነሳል አዲሱን ይሰካል፣ ብዙ መቶ ሊሆን ይችላል፣ ሱቁ ሊከፈት ነው፣ እቃ ሚያወርደው መኪና መጥቷል፣ ደግሞ አንድ ሰራተኛ ቀርቷል። ዋናው ቦታ ያለውን ይቀይራል፣ ግን ሳሙናው ሁለተኛ ቦታም ተደርድሯል፣ የመደርደሪያው ጫፍ ላይ ወይ ክፍያው አካባቢ፣ እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይረሳል። ብዙ ጊዜ ሚያሳስተው ይሄ ሁለተኛ ቦታ ነው። ሌላው ደግሞ ሽታው ወይ መጠኑ ሚለያይ እቃ ነው፣ ቅናሹ የ1 ኪሎው ላይ ነው አንቺ ያነሳሽው የ900 ግራሙን ነው፣ ፌስታሉ ቀለሙ አንድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ መጠኑ በትንሹ ተጽፏል። ወይ ደግሞ ሌላ ደንበኛ አንስቶ ያልፈለገውን እቃ ያላግባብ ቦታ አስቀምጦት ሄዷል፣ እዚህ ጋ ሱቁን መውቀስ አይቻልም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከራሴ ነው። የዋጋ ክፍል እያለሁ አንድ ሰኞ ጠዋት ወረቀት የቀየርኩት እኔ ነበርኩ፣ ክፍያው አጠገብ የተደረደረውን ዘይት ግን አላየሁትም። ከሰአት በኋላ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ደረሰኛቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ፣ አንዴ ደረሰኙ ላይ አንዴ የዋጋ ወረቀቱ ላይ በጣታቸው እየጠቆሙ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ሌላ፣ እዛ ጋ ሌላ ነው» አሉኝ፣ ድምጻቸውን እንኳን አላነሱም። ማናጀሩ ልዩነቱን ከፈላቸው፣ ወረቀቱን አነሳሁ፣ አለቀ ተባለ። እኔ ግን ሲስተሙን ከፍቼ ስንት ሰው ያን ዘይት ከጠዋት ጀምሮ እንደገዛ አየሁ፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ከዛ ሁሉ ሰው የተመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሌሎቹም ይመለስላቸው ብዬ ጠየቅኩ፣ ካርድ ተጠቅመው የከፈሉትን ማግኘት ይቻል ነበር፣ «ያልጠየቀ ሰው ምን ትነካካዋለህ» ነው የተባልኩት። ያን ቀን ነው ከዛኛው ወገን ወደዚህኛው ለመሻገር ያሰብኩት። ስህተቱ አይደለም ያሳዘነኝ፣ ስህተት ይፈጠራል፣ ያወቁት ነገር ለጠየቀው ብቻ መታረሙ ነው ያሳዘነኝ።

ስህተት ይፈጠራል ስል ቁጥርም አለ። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ከሌሎች መስሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ በ1998 ባወጣው የስካነር ጥናት ከ30 እቃ 1ዱ ዋጋው የተሳሳተ ነበር፣ ከዛ በፊት በ1996 ባወጡት ላይ ደግሞ ከስህተቶቹ ከግማሽ ትንሽ ሚበልጠው እንዲያውም ለሸማቹ ያደላ፣ ማለት ከተለጠፈው በታች የተከፈለበት ነበር። ይሄንን ምነግርሽ ሱቆችን ነጻ ለማውጣት ብዬ አይደለም፣ ነገሩን ለመለየት ስለሚጠቅም ነው። እዛው አገር የክብደትና የመለኪያ ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲፈትሹ ከ100 እቃ ቢያንስ 98ቱ ትክክል መሆን አለበት ሚል መለኪያ ነው ሚጠቀሙት፣ ግን በዛ ብቻ አይቆሙም፣ የቀሩት ስህተቶች ወደየት ያደላሉ ብለውም ያያሉ። ግድየለሽነት ከሆነ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይወድቃል። ሁሌ ወደ ሱቁ ኪስ ሚወድቅ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቺም ደረሰኞችሽን ሁለት ሶስት ወር ብታስቀምጪ ያንኑ ማየት ትችያለሽ።

የሱቁን መብትም ልንገርሽ፣ ፍትሀዊ ልሁን ካልኩ። በግልጽ የተሳሳተ ዋጋ እያወቁ መሽቀዳደም አያዋጣም። ሲንጋፖር ውስጥ በጥር 2003 ዲጂላንድሞል ሚባል ድርጅት 3,854 ዶላር ሚሸጠውን ፕሪንተር ኢንተርኔት ላይ በስህተት 66 ዶላር ብሎ ለጠፈው፣ 6 ሰዎች ሌሊት ላይ አይተውት ባጠቃላይ 1,606 ፕሪንተር አዘዙ፣ ማረጋገጫ ኢሜይልም ደረሳቸው፣ ድርጅቱ እምቢ ሲል ከሰሱት። ተሸነፉ፣ ይግባኙም በ2005 ተሸነፈ፣ ምክንያቱም ስህተት መሆኑን እያወቁ ነው ያዘዙት ተባለ። ጀርመንም በዛው አመት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሶፍትዌር ስህተት በ2,650 ዩሮ ፋንታ በ245 ዩሮ የተሸጠ ላፕቶፕ ላይ ሻጩ ውሉን ማፍረስ ይችላል ብሏል፣ እቃው ገዢው እጅ ከገባ በኋላ እንኳን። 89 ግን እንደዛ አይደለም፣ ሳሙና በ89 ሊሸጥ ይችላል፣ ቅናሽ ነው ብሎ ሚያምን ሰው ሞኝ አይባልም። ዳኛም ሆነ ማናጀር ሚያየው ይሄንን ነው፣ ጤነኛ ሰው ይሄን ዋጋ አይቶ ማመን ይችላል ወይስ አይችልም።

ከዛ ውጪ የአንዱን እቃ ወረቀት ነቅሎ ሌላው ላይ መለጠፍ፣ ራስሽ ስካን ምታደርጊበት ማሽን ላይ ውዱን እቃ የርካሹን ቁጥር መንካት፣ እነዚህ የዋጋ ክርክር አይደሉም፣ ሌብነት ናቸው፣ ሱቁም ካሜራ አለው። በስህተት ቀንሳ ካስከፈለችሽና ቤት ስትደርሺ ካየሽው ደግሞ የህጉን ለጊዜው እንተወውና፣ እኔ ብሆን ተመልሼ እነግራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ቀን ሲዘጋ የካሸሯ ሂሳብ ላይ ሚታይበት ጊዜ አለ፣ እዛ ጋ ምትጠየቀው ደግሞ እሷ ናት። አንቺ ጋ ስህተቱ 129 ሲሆንም ካሸሯ ላይ አትጩሂባት እባክሽ። ዋጋውን እሷ አላስገባችም፣ ወረቀቱንም እሷ አልለጠፈችም፣ መቀየርም በብዙ ሱቅ የሱፐርቫይዘር ቁልፍ ወይ ኮድ ያስፈልጋታል። ያለችሽ «ትክክሉ ሲስተሙ ያለው ነው» ሚለው ነገር የተማረችው መልስ ነው። ልክ ባይሆንም።

እንግዲህ ዋናው ያንቺ ጭንቀት ማስረጃ ነው፣ ያለፈው ሳምንት ወረቀቱ 89 ይል እንደነበር በምን ታረጋግጫለሽ፣ ፎቶ አላነሳሽም። እዚህ ጋ ነው አንብቢው ያልኩሽ። ሼልፍ ላይ ያለው የዋጋ ወረቀት ላይ ሰው ሚያየው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው፣ ከስሩ ግን ጉንዳን ሚያህል ጽሁፍ አለ። ጠጋ ብለሽ እይው፣ የኪሎው ዋጋ አለ፣ ከዛ የእቃው ቁጥር አለ፣ ብዙ ሱቅ ላይ ደግሞ ጥግ ላይ ወረቀቱ የታተመበት ቀን ወይ ቅናሹ የጀመረበትና ሚያበቃበት ቀን አለ። የእቃው ቁጥር ወይ ባርኮዱ ሳሙናው ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሪ፣ አንድ ከሆነ «ሌላ እቃ ነው ያየሽው» ሚባለው ነገር አበቃ። የታተመበት ቀን ደግሞ ከሁለት ሶስት ሳምንት በፊት ከሆነ፣ ያ ወረቀት ያለፈው ሳምንትም እዛው ነበር ማለት ነው፣ ሱፐርቫይዘሩም «ሳይነሳ ቀርቶ ነው» ሲልሽ ይሄንኑ ነው ያመነው። ቅናሹ የተጻፈበት ማብቂያ ቀን ካለና እሱ ካለፈ ግን ሱቁ «ቀኑን አላነበብሽም» ሊልሽ ይችላል፣ እሱንም አስቀድመሽ እወቂው። የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ሚባሉት ትንንሽ ስክሪኖች ከሆኑ ይሄ አይሰራም፣ እነሱ ከሲስተሙ ጋር አብረው ነው ሚቀየሩት፣ ግን ያንቺው ወረቀት እንደሆነ ነግረሽኛል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሳትደውዪ ሂጂ፣ ሳሙናውን ከወረቀቱ አጠገብ አድርገሽ አንድ ፎቶ ሼልፉን ጨምሮ፣ አንድ ፎቶ ደግሞ ጥቃቅኑ ጽሁፍ እስኪነበብ ቀርበሽ አንሺ። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዛ ነው መናገር፣ ምክንያቱም አንዴ ከተናገርሽ ወረቀቱ ይነሳል፣ መነሳቱም ትክክል ነው። ከዛ ደረሰኝሽን ይዘሽ ካሸሯን እለፊያትና ማናጀሩን ጠይቂ። «በ89 ሽጡልኝ» ብለሽ አትጀምሪ፣ እሱን ክርክር ሰልጥነውበታል። «ባለፈው ሳምንት በዚህ ቀን በዚህ ሰአት 129 ከፍያለሁ፣ ተለጥፎ የነበረው 89 ነው፣ ልዩነቱ ይመለስልኝ፣ የዚህ እቃ ዋጋ ከ89 ወደ 129 የተቀየረው መቼ እንደሆነም ሲስተሙ ላይ እዩልኝ» በይ። ሲስተሙ ዋጋው የተቀየረበትን ቀን ይመዘግባል፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከፍቼ አይቸዋለሁ፣ ማናጀሩም ያውቃል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀንና ሲስተሙ ላይ ያለው ቀን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሚከራከር ማናጀር እስካሁን አልገጠመኝም። እምቢ ካለ ስሙን ሳይሆን እምቢታውን በጽሁፍ ጠይቂው፣ ለዋናው ቢሮ ፎቶዎቹን አያይዘሽ ላኪ፣ ከዛ በኋላ ነው ያለሽበት አገር የሸማቾች ጥበቃ መስሪያ ቤት ሚመጣው፣ እነሱም መጀመሪያ ሚጠይቁሽ ሱቁን በጽሁፍ ጠይቀሻል ወይ ብለው ነው።

ልዩነቱን ሲመልሱልሽ ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት ወደዛ መደርደሪያ ተመልሰሽ ወረቀቱ መነሳቱን እይ። የመደርደሪያው ጫፍ ላይ ያለውንም።